ቲነሩ ከአልጋው ሥር ይውጣ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ባለቤቴ የቤት ዕቃ ይሠራል፤ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ቡፌ። ወርክሾፑ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ነው። ከመኝታ ቤታችን ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ቀለምና ቫርኒሽ ስፕሬይ የሚያደርገው በሩን ዘግቶ ነው። ማታ ሲገባ ራሱን ያመዋል፤ በትንሹም በትልቁም ይቆጣል። «ወተት ከጠጣሁበት ምንም አይለኝም» ይላል፤ እውነትም በየቀኑ ይጠጣል። ቲነሩን (የቀለም ማቅጠኛውን) ሌባ እንዳይወስድበት ከአልጋችን ሥር ያስቀምጠዋል፤ ለዕለቱ የሚፈልገውን ከጀሪካኑ ወደ ሃይላንድ እየቀዳ ይወስዳል። የሁለት ዓመት ልጅ አለችን። እኔም የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሽታው ሲያቅለሸልሸኝ «የእርግዝና ነው» ይለኛል። አብሮት የሚሠራው የእህቱ ልጅ ነው፤ ገና 16 ዓመቱ። ወተቱ እውነት ይጠቅማል? ለጽንሱስ ያሰጋል? ሳንጣላ እንዴት አድርጌ ልንገረው?

መልስ፦

እህቴ፣ ሦስት ነገር ጠይቀሽኛል፤ ሦስቱንም እመልሳለሁ። ግን ያልጠየቅሽኝ አንድ ነገር ይቀድማል። ከአልጋችሁ ሥር ያለው ቲነር ዛሬውኑ ይውጣ። ነገ አይባልም። አንቺ አትሸከሚው፤ ባለቤትሽ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ያውጣው። ሌባው የሚያሳስበው ከሆነ ግቢው ጥግ ላይ፣ ጥላ ባለበት፣ ከእሳትና ከመብራት ቆጣሪ ራቅ አድርጎ ቁልፍ ያለው ሣጥን ያቁምለት። ከታችም ከላይም ቀዳዳ ይበጅለት፤ የሚያመልጠው ትነት እንዳይታቆር። እንጨት ሠራተኛ ቤት መቼም ሣጥን አይቸግርም።

ለምን እንደቸኮልኩ ልንገርሽ። ቲነር ቅልቅል ነው። ቶሉይን፣ ዛይሊን፣ አሴቶን፣ አንዳንዴም አልኮል ይገባበታል። መጠኑ ከአምራች አምራች ይለያያል። ብዙ ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ቶሉይን ነው። የቶሉይን ትነት ደግሞ ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። አየር በማይንቀሳቀስበት ክፍል ውስጥ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ እንደ ፈሰሰ ውኃ ዝቅ ያለውን ቦታ ይፈልጋል። በበር ሥር ሾልኮ ያልፋል፣ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ አልጋ ሥር ይተኛል። የሁለት ዓመት ልጅ አፍንጫ ከወለሉ ምን ያህል እንደሚርቅ አንቺ ከእኔ የተሻለ ታውቂያለሽ።

እሳቱም አለ። ቶሉይን ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ክብሪት ቢነካው የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። የጎንደር ቀን በብርዱ ወርም ከዚያ ይሞቃል፤ ስለዚህ «ዛሬ ብርድ ነው፣ አይነድም» የሚባል ነገር የለም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ትነቱ ከአየሩ በመቶ አንድ ከምናምን እጅ ከሞላ ለመፈንዳት ይበቃዋል። ሦስት በሦስት የሆነች መኝታ ቤት ውስጥ አንድ ሊትር ገደማ ፈስሶ ሙሉ በሙሉ ቢተን እዚያ ይደርሳል። ወለሉ አካባቢ ደግሞ ከዚያ ባነሰም ይሆናል፤ ትነቱ የሚከማቸው እዚያ ነዋ። ጀሪካኑ የሚይዘው ስንት ሊትር ነው? እሱን አስቢው።

አሁን ቡናውን አስቢ። ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም፤ ግን ቤት ውስጥ ቡና ሳይፈላ እንደማይውል አውቃለሁ። ከሰሉ ይያያዛል፣ ቡናው ይቆላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው ወለሉ ላይ ነው። ትነቱም ወለሉ ላይ ነው። እሳት የሚይዘው ግን በምድጃ ብቻ እንዳይመስልሽ። መብራት ሲበራ ማብሪያው ውስጥ የምትፈጠረው ብልጭታ ትበቃዋለች። ከሶኬት የሚነቀል የስልክ ቻርጀርም እንዲሁ። ስለዚህ ቲነር ቢፈስ መጀመሪያ ሰው ይውጣ፣ በሩና መስኮቱ ይከፈት፣ መብራቱ እንዳለ ይተው፤ ያልበራው አይብራ፣ የበራውም አይጥፋ። የፈሰሰው ላይ አሸዋ ወይም ደረቅ አፈር ይበተንበት፤ ሲመጠጥ ተዝቆ ወደ ሜዳ ይውጣ። ከተቀጣጠለ ደግሞ ውኃ አይደፋበትም። ቲነር ከውኃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ተንሳፎ እየነደደ ይሄዳል። ትንሽ እሳት በአሸዋ ወይም በእርጥብ ብርድ ልብስ ይታፈናል። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ቢኖራችሁ ጥሩ ነው፤ ለወርክሾፕ ቅንጦት አይደለም።

ሃይላንዱን በተመለከተ አጭር ነው የምለው፦ የውኃ ጠርሙስ ውስጥ ቲነር አይገባም፤ አለቀ። ቲነር እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው። ልጅሽ በዚያው ዓይነት ጠርሙስ ውኃ ስትጠጣ ነው ያደገችው። እንግዳ ሰው እንኳን ሳያውቅ ሊጎነጨው ይችላል። ለዕለት ሥራ የሚቀዳው የራሱ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይሁን፤ ላዩ ላይ በወፍራም ቀለም «ቲነር፣ መርዝ» ተብሎ ይጻፍበት። ማንበብ ለማይችልም ቀይ መስመር ይሰመርበት።

አያድርገውና ልጅ ብትጎነጭ፣ ጣት አፏ ውስጥ ከትተሽ ለማስመለስ አትሞክሪ። ወተትም ዘይትም አታጠጫት። ትልቁ አደጋ ያለው ሳንባዋ ላይ ነው። ስታስመልስ ጥቂት ጠብታ ወደ አየር ቧንቧዋ ከገባ ሳንባዋ ይቆጣል፣ ያብጣል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል፤ ለእናንተ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ቆርቆሮውን ወይም ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ ምን እንደሆነ እንዲያይ። «ደህና ናት፣ ትጫወታለች» ብላችሁ እቤት አትቆዩ። የሳንባው ምልክት ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ንጹህ ውኃ ሳይቋረጥ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይፍሰስበት፤ ከዚያ ሐኪም።

ወደ ወተቱ እንምጣ። ይህ ነገር በቀለም ቀቢው፣ በጋራዥ ሠራተኛው፣ በበያጁ ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። አሠሪ ራሱ ወተት እየገዛ የሚያጠጣበት ቦታ አለ፤ ማስክ ከመግዛት ይረክሳልና። እውነቱን ለመናገር፣ ወተት ለቲነር ትነት ምንም አያደርግም። ትነቱ በአፍንጫ ገብቶ በሳንባ በኩል ደም ውስጥ ይገባል፤ በደቂቃዎች ውስጥ አንጎል ጋ ይደርሳል። ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆድ ነው። አይገናኙም። የወተቱ ጉዳት ራሱ ወተቱ አይደለም፤ ሰውዬው «ጠጥቻለሁ» ብሎ በሩን ዘግቶ መሥራቱ ነው። ወተቱ ይቀጥል ካላችሁ ለልጅቱና ለአንቺ ይሁን።

ጠላና አረቄ ግን በተቃራኒው ይሠራሉ። አልኮል ጉበት ቶሉይንን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ቲነር ሲምግ የዋለ ሰው ማታ ሲጠጣ፣ መርዙ ሰውነቱ ውስጥ ይቆይበታል። ራስ ምታቱም ይብሳል።

የራስ ምታቱንና የቁጣውን ነገር አንቺው ጥሩ አድርገሽ ገልጸሽዋል። ቶሉይን አንጎልን ያደነዝዛል። መጀመሪያ ትንሽ ሞቅ ያደርጋል፤ ቀጥሎ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል። ለወራትና ለዓመታት ሲደጋገም መርሳት፣ ሐሳብ መሰብሰብ ማቃት፣ ብስጭት ያስከትላል። እንዲህ አድርገሽ ፈትኚው። እሑድና የበዓል ቀን ራሱን ያመዋል? ሥራ በማይኖርበት ቀን ትቶት፣ ሰኞ ማታ ደግሞ የሚመለስበት ከሆነ ጉዳዩ ከሥራው ነው። «ሽታውን ለምጄዋለሁ» ቢልሽም አትቀበዪው። አፍንጫ ቶሎ ይደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ትነቱ ጠፋ ማለት አይደለም። የአሜሪካ የመንግሥት ኢንዱስትሪ ጤና ባለሙያዎች ጉባኤ (ACGIH) ለስምንት ሰዓት ሥራ ያስቀመጠው የቶሉይን ወሰን በሚሊዮን የአየር እጅ 20 ነው። ከላይ እሳት ይነሣበታል ያልኩሽ መጠን ከዚህ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ማለትም ቤቱ ከመቃጠሉ ብዙ ቀድሞ ሰውየው ይጎዳል።

ስለ ጽንሱ። አትደንግጪ፣ ግን አቅልለሽም አትዪው። ቶሉይን በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ይደርሳል። ሆን ብለው በብዛት የሚያሸቱ እናቶች በወለዷቸው ልጆች ላይ የዕድገት መዘግየትና የፊት ቅርጽ ለውጥ ታይቷል። ያ በጣም ከፍተኛ መጠን ነው፤ አንቺን የሚመለከት አይደለም። በሥራ ቦታ በብዛት ለእንዲህ ዓይነት ኬሚካል የተጋለጡ ሴቶች ላይ ደግሞ ውርጃ ከፍ ብሎ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። እስካሁን የሸተተሽ ልጅሽን ጎድቷል ማለት አይደለም፤ እንዲያ ብሎ መናገር የሚችልም የለም። የሚቻለው ከዛሬ ጀምሮ መቀነስ ነው። ማቅለሽለሹ የእርግዝናም ሊሆን ይችላል፤ ባለቤትሽ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ግን ከግቢው ወጣ ስትዪ የሚተውሽ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። እሱ ስፕሬይ በሚያደርግበት ሰዓት አንቺና ልጅቱ ጎረቤት ዋሉ። የሥራ ልብሱን መኝታ ቤት ይዞ አይግባ፤ ውጭ ያውልቀው። ከሌላው ልብስ ጋር ተቀላቅሎ አይታጠብ፤ የሚያጥበውም ራሱ ይሁን። አዲስ የተቀባ ቡፌ እስኪደርቅ ተብሎ ሳሎን አይገባም።

የሚቀጥለውን ለእሱ አንብቢለት።

ወንድሜ፣ በሩን የምትዘጋው ለምን እንደሆነ ይገባናል። አቧራ ቫርኒሹ ላይ እንዳያርፍብህ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበት ሲገባ ላከሩ (የሚያብረቀርቀው ቅብ) ወተት መስሎ ይነጣብሃል። ሥራህን ስለምትጠነቅቅ ነው። ግን ለሁለቱም ሌላ መላ አለ። ለአቧራው፣ ከመጀመርህ በፊት ወለሉን ጠርገህ ውኃ አርከፍክፍበት። ነፋስ ሳይነሣ፣ ጠዋት ጤዛው እንደጠፋ ሥራ። ለእርጥበቱ፣ ዝናብ ሲያንዣብብ አሸዋ ወረቀት፣ መገጣጠም ሥራ፤ ስፕሬዩን ፀሐይ ብልጭ ስትል አውጣው። በበጋ ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያ በታች ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ከማንኛውም ክፍል ይሻላል። ክፍል ውስጥ የግድ ከሆነ ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ይከፈቱ። ነፋሱ ከኋላህ ገብቶ በዕቃው በኩል ይውጣ። ቬንትሌተር ካለህ ንጹህ አየር በሚገባበት በኩል፣ ከጀርባህ አቁመው። መውጫው ላይ ካቆምከው ትነቱ በሞተሩ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ የተራ ቬንትሌተር ሞተር ብልጭታ ይሠራል። ኮምፕሬሰሩም ውጭ ይቁም።

ማስክን በተመለከተ፣ የሐኪም ማስክና በአፍ ላይ የሚታሰር ጨርቅ የቀለሙን ብናኝ በትንሹ ይይዛሉ እንጂ ትነቱን አያቆሙም። የሚያስፈልገው ግራና ቀኝ ማጣሪያ ያለው የጎማ ማስክ ነው። ማጣሪያው ውስጥ ከሰል አለ። ለአቧራ ብቻ የተሠራም ስላለ ተጠንቅቀህ ግዛ፤ ለኬሚካል ትነት የሚሆነው በአውሮፓ አሠራር ቡናማ፣ በአሜሪካ ጥቁር ምልክት አለው። ሥራ ስትጨርስ ማጣሪያውን በላስቲክ አሥረህ አስቀምጥ፤ አውጥተህ ከሰቀልከው ሳትሠራበትም አየሩን እየሳበ ያልቃል። ጺም ካለህ ጎማው ፊትህ ላይ አይገጥምም። ማስኩን አድርገህ ሽታው ከገባህ ወይ አልገጠመም ወይ ማጣሪያው አልቋል። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚቀላቀልበት ባለ ሁለት ዕቃ ቀለም ከሆነ ግን ይህም አይበቃም፤ ሃርድነሩ አስም ሊያመጣ ይችላል። ያለ ልዩ የአየር መስመር በተዘጋ ክፍል አይረጭም።

እጅህን በቲነር አትታጠብ። የቆዳህን ቅባት አጥቦ ያወጣዋል፣ ይሰነጣጠቃል፣ በዚያውም ይገባል። ቀለሙ ሳይደርቅ በምግብ ዘይት አሸት አሸት አድርገህ በጨርቅ ጥረገው፤ ከዚያ ሳሙና። ይሠራል፣ ሞክረው። ቀጭኑ የሐኪም ጓንት ቲነር ሲነካው ያብጥና ይቀደዳል፤ ወፈር ያለ የናይትሪል ጓንት ግዛ፤ እሱም ሲለሰልስ ይቀየር። ቲነር ሲያልቅ ብሩሽ በቤንዚን ማጠብም አለ መቼም። ይቅርብህ። የመኪና ቤንዚን ውስጥ በእንግሊዝኛ benzene የሚባለው ሌላ ኬሚካል፣ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠው፣ በትንሹ አለበት፤ እሳቱም የባሰ ነው።

ያገለገለውን ቲነር መጸዳጃ ቤትም ቦይም ውስጥ አትድፋው። የቦይ መጨረሻው ወንዝ ነው። ክዳን ባለው ቆርቆሮ አስቀምጠው። በማግሥቱ ቀለሙ ዘቅጦ ላዩ ጠርቶ ታገኘዋለህ። ጠሩን ቀስ ብለህ ገልብጠህ ለመጀመሪያው የብሩሽ እጥበት ትጠቀምበታለህ። ይህ ብር ነው። ሳይከደን የዋለ ቲነርም ብር ነው፤ ምሽት ላይ ምን ያህል እንደጎደለ አይተህ ታውቃለህ። ዘይትነት ያለው ቫርኒሽ የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ አይጣል፤ እያደረ ራሱን አሙቆ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው ወይም ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው። ባዶውን የቲነር ቆርቆሮ ደግሞ ምድጃ ይሠራበታል ብለህ ለበያጅ አትስጥ። ባዶ የሚመስለው ትነት የሞላው ነው፤ ብየዳ ሲነካው ይፈነዳል።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ እህቴ። ስለ እህቱ ልጅ ቁርጡን እናገራለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት ሠራተኛ ይለዋል፤ ለሕይወቱ ወይም ለጤንነቱ አደገኛ የሆነ ሥራ ላይ እንዳይመደብ ይከለክላል። የሥራ መከላከያ ዕቃ የማቅረብ ግዴታንም በአሠሪው ላይ ይጥላል። ዘመድ ነው፣ ሙያ እየተማረ ነው፣ ይገባኛል። ልኬት ይማር፣ መገጣጠም ይማር፤ አሸዋ ወረቀቱንም የአቧራ ማስክ አድርጎ ውጭ ይሥራ። ስፕሬዩና ቲነሩ ይቆየው። እናቱ ይህን ብታውቅ ምን እንደምትል ባለቤትሽ ራሱ ያውቀዋል።

ሳትጣሉ መንገሩ ላይ፣ ማታ ራሱን ይዞ ሲገባ አትጀምሪው፤ ያኔ መስማት የሚችልበት ሁኔታ ላይ አይደለም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ ይሻላል፤ ያን ቀን ራሱም ቀለል ይለዋል። «አንተ እየገደልከን ነው» ብለሽ ከጀመርሽ ክስ ነው፤ ይከላከላል። «የሚነጣብህን ላከር መላ አገኘሁለት» ብለሽ ጀምሪ። ሥራውን ታውቂለታለሽ፣ እሱም ይሰማሻል። በሙያው የሚያከብረው ሰው፣ ሥራውን ያስተማረው ሽማግሌ ካለ፣ በእሱ በኩል ቢመጣ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጠይቂው። አልጋው ሥርና ሃይላንዱ ላይ ግን አትደራደሪ፤ እነሱ እሑድንም አይጠብቁም። በሩ በሳምንቱ ይደርሳል፤ ማስኩ ገንዘብ ሲገኝ።

ለእርግዝና ክትትል ስትሄጂ ባልሽ በቲነር እንደሚሠራና ወርክሾፑ ከመኝታ ቤታችሁ ጋር እንደሚዋሰን ለሐኪሟ ሳትጠየቂ ንገሪያት። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውንም በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ውሰጂላት።